የስኳር ሕመምተኛን የእግር ቁስል መመርመርና ማከም፦ ደረጃ በደረጃ

አንዳንዱ ቁስል በየሁለት ቀኑ እየታጠበና እየታሰረ፣ አንቲባዮቲኩም አንዴ በክኒን አንዴ በመርፌ እየተለወጠ ወራት ያስቆጥራል። ብዙ ጊዜ የጎደለው መድኃኒት አይደለም። ሕመምተኛው ስለማያመው ይረግጠዋል፤ ወይም ደም በበቂ አይደርሰውም፤ ወይም ሥሩ አጥንት ነክቷል። ከሦስቱ አብዝቶ የሚዘነጋው የመጀመሪያው ነው። ደረጃ 6ን (ጫናውን ማንሣት) ዘላችሁ ሌላውን ሁሉ ብታሟሉ ከእግር ሥር ያለ ቁስል አይዘጋም።

መመሪያው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነው። ምላጭና መድኃኒት ማዘዝ ባለበት ቦታ «ለባለሙያ ብቻ» የሚል ታገኛላችሁ። ቤተሰብ ያንን አይሞክር።

ከሁሉ በፊት፦ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል የሚላከው

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ቁስሉን በንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ ላኩ።

- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ ወይም መቀባዠር
- በሰዓታት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ መቅላትና እብጠት
- የጠቆረ ጣት ወይም ቆዳ፣ ከባድ ሽታ፣ ሲጫኑት ከቆዳ ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር
- የቀዘቀዘና የገረጣ፣ ተኝቶም በተለይ ሌሊት የሚያም እግር
- ከማስመለስ ወይም ከፈጣን ትንፋሽ ጋር የመጣ ከፍተኛ የደም ስኳር

ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ሰው የሚቀጥለው መደበኛ ጀልባ አይጠበቅለትም፤ ጀልባ ይፈለግለት። በእንዲህ ያለ እግር አንድ ሌሊት ጣት በመቆረጥና እግር በመቆረጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከመላካችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

ለባለሙያ ብቻ፦ ሕመምተኛው ከመነሳቱ በፊት የደም ስኳሩን ለኩ፣ የደም ሥር መስመር ክፈቱ፣ አለርጂ ጠይቃችሁ የመጀመሪያውን መድኃኒት ስጡ። በብዙ ጤና ጣቢያ የሚገኘው ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም እና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በደም ሥር ነው። የተሰጠበትን ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. ጓንት፣ የጸዳ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ኖርማል ሳላይን፣ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ።
2. የጸዳ ፎርሴፕስ፣ ቁጥር 10 ወይም 15 ምላጭ ከመያዣው ጋር፣ ጫፉ ያልሾለ የብረት ፕሮብ (የቁስል ጥልቀት መፈተሻ ቀጭን ዘንግ)።
3. ባለ 10 ግራም ሞኖፊላመንት (ቆዳ ላይ ሲጫኑት የሚታጠፍ፣ ስሜት መፈተሻ የናይለን ክር)። ከሌለ ጣታችሁ ይበቃል፤ ደረጃ 3 ላይ ተገልጿል።
4. ከወረቀት የተሠራ ማስመሪያ፣ ቀንና ስም የሚጻፍበት ካርድ፣ ፎቶ ማንሻ ስልክ።
5. ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ግሉኮሜትር።

ቤት ውስጥ ሳላይን ከሌለ 1 ሊትር ውኃ 10 ደቂቃ አፍሉ፤ በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ልክ (ወደ 9 ግራም ገደማ) ጨው ጨምሩ፤ ከድናችሁ አቀዝቅዙ። በማግሥቱ የተረፈውን ድፉት። የሐይቅና የጉድጓድ ውኃ ሳይፈላ ቁስል አይነካም።

ሕመምተኛው ይተኛ። የሁለቱም እግር ጫማና ካልሲ ይውለቅ። የታመመውን ብቻ ያየ ሰው የሌላኛውን እግር ጅምር ቁስል ያልፈዋል።

ደረጃ 2፦ ጠይቁ

ቁስሉ መቼ ጀመረ? ምን ወጋው፣ ምን አቃጠለው፣ የትኛው ጫማ ነው? ከዚህ በፊት ቆስሎ ወይም ጣት ተቆርጦ ያውቃል? ሲጋራ ያጨሳል? ኩላሊቱና ዓይኑ እንዴት ነው? የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዷል?

ሥራውን ሳትጠይቁ አትለፉ። ፎገራ ላይ በሩዝ ማሳ ባዶ እግሩን የሚውል፣ እምቦጭ ለመንቀል ውኃ ውስጥ የሚቆም፣ ታንኳ ላይ እግሩ ረጥቦ የሚውል ዓሣ አጥማጅ፣ እያንዳንዳቸው የተለየ ምክር ይፈልጋሉ። ጣቶቹን ገልጣችሁ ሙጀሌ መኖሩንም እዩ። ስሜት በሌለው እግር ላይ በቤት መርፌ የወጣ ሙጀሌ የብዙ ቁስል መነሻ ነው። አይጥ የነከሰው ጣትም ያጋጥማችኋል፤ ሰውየው ሌሊት ስላልተሰማው ጠዋት ደም አይቶ ነው የሚነቃ።

ደረጃ 3፦ ስሜትንና የደም ዝውውርን ፈትሹ

*ስሜት።* መጀመሪያ ሞኖፊላመንቱን ክንዱ ላይ አስነኩትና ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ ይወቅ። ከዚያ «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ የተነኩ ሲመስልዎ ‹አዎ› ይበሉኝ» በሉ። የአውራ ጣቱን የመርገጫ ገጽ፣ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት በታች ያለውን ወፍራም መርገጫ ፈትሹ። ክሩ እስኪታጠፍ ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ 1 ወይም 2 ሰከንድ ተጫኑ። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ እየነካችሁና አንድ ጊዜ ሳትነኩ እየጠየቃችሁ ሦስት መልስ ውሰዱ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ከተሳሳተ ስሜቱ ጠፍቷል። ቁስልና የደደረ ቆዳ ላይ አትሞክሩ።

ሞኖፊላመንት ከሌለ የአመልካች ጣታችሁን ጫፍ በአውራ ጣቱ፣ በመካከለኛው ጣቱና በትንሿ ጣቱ ጫፍ ላይ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ በስሱ አሳርፉ፤ በሁለቱም እግር። መጫን፣ ማሸት፣ መኮርኮር አይፈቀድም። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱን እንዳጣ ቁጠሩት።

*ደም።* ከእግር ጀርባ፣ ከአውራ ጣት ጅማት ትንሽ ወደ ውጭ፤ ከዚያም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ የልብ ምት ፈልጉ። በሁለት ጣት በስሱ ንኩ፤ አጥብቆ መጫን ምቱን ያጠፋዋል። የምታዳምጡት የራሳችሁን ጣት ምት እንዳይሆን ከሕመምተኛው የእጅ አንጓ ምት ጋር አመሳክሩት።

ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) ካለ የቁርጭምጭሚቱን የላይኛውን የደም ግፊት ለክንዱ አካፍሉ። ቁርጭምጭሚት 100፣ ክንድ 130 ከሆነ ውጤቱ 0.77 ነው። ከ0.9 በታች የደም ሥር ጥበት አለ። ከ0.5 በታች ወይም የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከ50 በታች ከሆነ በአስቸኳይ ላኩ። ከ1.3 በላይ ከወጣ ደም ሥሩ ስለጠነከረ ቁጥሩን አትመኑት፤ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ይህ ይበዛል። «ቁጥሩ ጥሩ ነው» ተብሎ የቀዘቀዘ እግር ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም።

ደረጃ 4፦ ቁስሉን ለኩ፣ ጥልቀቱን ፈትሹ

1. ረጅሙን ጎን ለኩ፤ ከዚያ እሱን በቀጥታ የሚያቋርጠውን ስፋት። በሴንቲሜትር ጻፉ፤ 3 በ2 ከሆነ 6 ብላችሁ አባዙት።
2. ማስመሪያውን ከጎኑ አስቀምጣችሁ፣ ሕመምተኛውን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡ። ፊቱ አይታይ።
3. ለባለሙያ ብቻ፦ የጸዳውን ፕሮብ በእርጋታ ወደ ቁስሉ አስገቡ። ጠንካራና የሚሻክር ነገር ከነካ አጥንት ነው። ኢንፌክሽን ባለበት ቁስል ይህ የአጥንት መመረዝ መኖሩን አጥብቆ ያስጠረጥራል። ኤክስሬይ አስነሡ፤ ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) ከ70 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ኤክስሬዩ ንጹሕ ቢሆንም አትዝናኑ፤ የአጥንቱ ለውጥ ፊልም ላይ እስኪታይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ድገሙት።

*ኢንፌክሽን አለ የሚባለው መቼ ነው?* ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሲገኙ፦ እብጠት ወይም መጠንከር፣ ከቁስሉ ዙሪያ ከ0.5 ሴንቲሜትር ያለፈ መቅላት፣ ሕመም፣ ሙቀት፣ መግል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ስለሚደበቅ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላኛው እግር ጋር አወዳድሩ።

- ቀላል፦ መቅላቱ ከ2 ሴንቲሜትር ያነሰ፣ ከቆዳና ከሥሩ ካለው ስብ ያላለፈ።
- መካከለኛ፦ መቅላቱ 2 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ጅማት፣ ጡንቻ፣ መገጣጠሚያ፣ አጥንት የደረሰ።
- ከባድ፦ ከላይ ካሉት በተጨማሪ ከእነዚህ ሁለቱ፦ ሙቀት ከ38 በላይ ወይም ከ36 በታች፣ የልብ ምት ከ90 በላይ፣ ትንፋሽ ከ20 በላይ፣ ነጭ የደም ሴል ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች።

ቁስል ሳይኖር እግር በሙሉ ቀልቶ፣ አብጦና ሞቆ ከመጣ ሻርኮ የሚባለውን የአጥንት መፍረስ ጠርጥሩ። እግሩን ከፍ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ መቅላቱ ከቀነሰ ወደ ሻርኮ ያዘነብላል። ይህ ሰው አንድ እርምጃ እንኳ በዚያ እግር መርገጥ የለበትም። አንቲባዮቲክ ብቻ ይዞ እየተራመደ ከሄደ የእግሩ ቅርጽ ይፈርሳል።

ደረጃ 5፦ እጠቡ፣ የሞተውን አንሡ

በስሪንጅ ሳላይን በቀስታ እየገፋችሁ እጠቡ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አልኮል፣ ያልተበረዘ አዮዲን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ስለሚገድሉ ቁስሉ ውስጥ አይግቡ። እግርን በሳፋ ውኃ መዘፍዘፍም ይቅር፤ ቆዳው ይርሳል፣ ጀርሙም ወደ ጥልቁ ይገባል። ማር፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ የተወቀጠ ቅጠል አትጨምሩ።

ለባለሙያ ብቻ፦ በቁስሉ ዙሪያ የደደረውን ቆዳ በምላጭ ሽፋን በሽፋን ላጡ፤ ጠርዙ ከጤነኛው ቆዳ ጋር እስኪስተካከል። የደደረ ቆዳ ከሥሩ ያለውን ሥጋ የሚጨቁን ጠጠር ነው። ብዙ ጊዜ ስታነሡት ከላይ ትንሽ ይመስል የነበረው ቁስል ሰፍቶ ይወጣል። ይህን አስቀድማችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ፤ አለዚያ «ጭራሽ አሰፉት» ብለው አይመለሱም። ቢጫና ጥቁር የሞተ ሥጋ ይነሣ፤ ነጭ የሚያብረቀርቅ ጅማት ካያችሁ አቁሙ።

ትንሽ መድማት ጥሩ ነው። ካልቆመ 5 ደቂቃ በጎዝ አጥብቃችሁ ያዙ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የልብ ምት ያልተገኘበት እግር ላይ ምላጭ አታንሡ። ደርቆ የጠቆረና ያልሸተተ ጣት እንደ ደረቀ ይቆይ፤ አታርጥቡት፣ አትቁረጡት፤ ደም ሥሩን ለሚያይ ሐኪም ላኩ።

ደረጃ 6፦ ጫናውን አንሡ

ጤነኛ ሰው ጠጠር ሲረግጥ ያነክሳል፤ ያ ማነከስ ነው እግሩን የሚያድነው። ስሜት የጠፋበት ሰው አያነክስም። በቀን ሺህ ጊዜ ይረግጠዋል፤ እናንተ ያሰራችሁት ጎዝ ውስጥ ሥጋው እንደገና ይፈጫል። ስለዚህ «እረፉ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም። በምን እንደሚያርፍ ከሕመምተኛው ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

1. *ከመርገጫው ፊትና መካከል ላይ ላለ ቁስል* የመጀመሪያው ምርጫ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሕመምተኛው ሊያወልቀው የማይችል መሣሪያ ወይም ጀሶ ነው። ጀሶው ሙሉ እግሩን ተከትሎ መጣበቅ ስላለበት የሠለጠነ እጅ ብቻ ይሥራው። እብጠቱ ሲቀንስ ስለሚላላ የመጀመሪያው በሳምንት ውስጥ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ1 ወይም 2 ሳምንት። ደም በበቂ የማይደርሰው ወይም ኢንፌክሽኑ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ እግር አይታሸግም።
2. *ጀሶ ካልተቻለ* ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ፌልት (ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ) ወይም ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ስፖንጅ ውሰዱ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ ሰው ሲቆምበት ተጨፍልቆ ያልቃል። በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ቁረጡት፤ ክፍቱ ወደ ጣቶቹ ይዙር፣ ቁስሉ ባዶው ውስጥ ይግባ። ከቁስሉ ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ። ዙሪያውን የሚዘጋ ቀለበት አትሥሩ፤ የመካከሉ ሥጋ ያብጥና ደም ያጣል። ሲሳሳ ቀይሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ነው።
3. *ለተረከዝ ቁስል* ሕመምተኛው ሲተኛ ከባቱ በታች ትራስ አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። ትራሱ ተረከዙን ከነካ ከንቱ ነው።
4. *በጣቶች ጫፍና መካከል ላለ* ጎዝ በጣቶቹ መካከል አድርጉ፤ ፊቱ ሰፊ የሆነ ጫማ ይጫማ።

ሁለት ክራንች ይዘዙ፤ ጤነኛው እግር ግን በእጥፍ ስለሚሸከም እሱንም በየቀኑ እዩት። ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ስለ ክራንችና ስለ ድጋፍ መሣሪያ የምትጠይቁበት ቦታ ነው። አጭርም ቢሆን መንገዱ በባጃጅ ይሁን። ለባጃጅ የሚወጣው ለጎዝ ከሚወጣው ይልቅ ቁስሉን ይዘጋዋል።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚሄድ ሰው «ቅር» አትበሉ። ጫማ ሲያወልቅ ወፍራም ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ያድርግ፣ በክራንች ይግባ፣ ቅዳሴውን ተቀምጦ ያስቀድስ። የንስሐ አባቱ ቢነግሩት ይቀበላል፤ ከባለሙያ ቃል ይልቅ የእሳቸው ቃል የሚያስቀምጠው ብዙ ነው። ጸበል ለሚሄድም ቁስሉ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ደረቅ ይሁን፤ ኢንሱሊኑንና ክኒኑን ይዞ ይሂድ፣ አያቋርጥ።

ደረጃ 7፦ ሸፍኑ

ደረቅ ቁስል ላይ የቫዝሊን ጎዝ፣ ብዙ ፈሳሽ ላለው ደረቅ የሚመጥ ጎዝ። ቀዳዳውን አጭቃችሁ አትሙሉ። ፋሻውን ከጣቶች ጀምራችሁ ወደ ላይ በእኩል ጥብቀት እሰሩ፤ የጣት ጫፎች ይታዩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከቀዘቀዙ ፍቱት።

ፈሳሽ ወደ ውጭ ካለፈ በዚያው ቀን ቀይሩ፤ ካላለፈ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ። ጎዙ ከተጣበቀ በሳላይን አርጥባችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ነቅሎ ማውጣት የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይወጣል።

ደረጃ 8፦ አንቲባዮቲክና ስኳር (ለባለሙያ ብቻ)

የኢንፌክሽን ምልክት የሌለው ቁስል አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። አያፈጥነውም፤ መድኃኒት የለመደ ጀርም ግን ያፈራል።

ለቀላሉ፦ ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋሌክሲን 500 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። የፔኒሲሊን አለርጂ ጠይቁ፤ ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ መጠኑን አስተካክሉ። መካከለኛው ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ከባዱ ሆስፒታል ይተኛል። አጥንት ከተመረዘና ካልተቆረጠ ሕክምናው 6 ሳምንት ያህል ነው። ናሙና ካስፈለገ ካጸዳችሁ በኋላ ከጥልቁ ቁራጭ ሥጋ ውሰዱ፤ ከላይ በጥጥ የተጠረገ ናሙና የቆዳውን ጀርም እንጂ በሽታውን አያሳይም። መግል የቋጠረ እግር በመድኃኒት ብቻ አይድንም፤ ይከፈት።

የጾም የደም ስኳር ከ80 እስከ 130 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ለማድረስ ሞክሩ። ኢንፌክሽን ስኳርን ስለሚያሻቅብ ክኒን ሲወስድ የነበረ ሰው ለጊዜው ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። በጾም ወቅት ጠዋት ሳይበላ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ስኳሩ እንዳይወርድ ሰዓቱን አስተካክሉለት። ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል፦ እንቁላል፣ የጣና ቀረሶ፣ በጾም ምስርና ሽሮ።

ደረጃ 9፦ ክትትል

ኢንፌክሽን ያለበትን በ2 ወይም 3 ቀን፣ ሌላውን በየሳምንቱ ጥሩ። የቅዳሜ ገበያ ቀን መቅጠር ለገጠር ሰው ይመቻል፤ ነገር ግን ገበያውን በእግሩ ሲዞር ይውላል። በሌላ ቀን ቅጠሩት።

በየቀጠሮው ለኩ። በ4 ሳምንት ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ አካሄዳችሁ አልሠራም። 6 የነበረው ከ3 በላይ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ቁስሉ አልቀነሰም።* መጀመሪያ የጫማውን ሶል ገልብጡና የተበላውን ቦታ እዩ፤ ክራንቹም ጫፉ ካልተበላ አልተያዘም። ከዚያ ደሙን፣ ከዚያ አጥንቱን ፈትሹ።

*ጠርዙ ነጭ ሆኖ ራሰ።* ጎዙ አይመጥም ወይም ዘግይቶ ይቀየራል። ደጋግማችሁ ቀይሩ፤ በዙሪያው ቀጭን ቫዝሊን ቀቡ።

*ቁስል ያለበት ጣት እንደ ቋሊማ አብጦ ቀላ።* አጥንቱ ተመርዟል ብላችሁ አስቡ፤ ኤክስሬይ።

*የማያመው እግር ማመም ጀመረ።* ስሜት መመለሱ አይደለም። ጥልቅ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ከዳነ በኋላ

ቁስላቸው ከዳነ ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ ይህን ይያዝ፦

1. በየምሽቱ ሁለቱንም እግር፣ የጣቶቹንም መካከል እዩ። ጎንበስ ማለት ለማይችል መስታወት ወይም የልጅ ዓይን ይጠቅማል።
2. ውኃውን በክርን ሞክራችሁ እጠቡ፣ በጣቶች መካከል አድርቁ። ቅባት ተረከዝና መርገጫ ላይ እንጂ በጣቶች መካከል አይቀባ።
3. ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጅ አስገብታችሁ ሚስማርና ጠጠር ፈልጉ። ጠንካራ ፕላስቲክ ጫማና ባዶ እግር ይቅር፤ ቤት ውስጥም።
4. ከከሰል ምድጃና ከቡና ማፍያው አጠገብ እግር አትዘርጉ።
5. ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። የደደረ ቆዳ በየ1 እስከ 3 ወር በባለሙያ ይነሣ፤ በቤት ምላጭ አይነካ።
6. አዲስ መቅላት፣ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ሞቆ ከተገኘ መራመድ አቁሞ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይምጣ።